መስተዋት ፊት ያደገችው ዳክዬ

ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ፣ ባለ አንድ ወንበር ፀጉር ቤት የነበረው ከሊል ምላሱ ከምላጩ የፈጠነ ሰው ነበር። ደንበኛ ገብቶ ፎጣው አንገቱ ላይ እስኪታሰርለት የከተማውን ወሬ እኩሌታ ሰምቶ ይጨርሳል፤ የቀረው እኩሌታ ጺሙ ሲላጭ ይደርሰዋል። ደርግ ከመጣ ወዲህ ግን የሰው ወሬ የሚያስጠይቅ ሆነ። ማን ከማን ጋር ታየ፣ ማን ወዴት ሄደ ማለት ደግ አልነበረም። ዝም ማለት ደግሞ ለከሊል እንደ መታፈን ነው። ስለዚህ ቀስ እያለ ወሬውን ከሰው ወደ እንስሳ አዛወረው። የእገሌ አህያ ጉድጓድ ገባች፤ የእገሊት ፍየል ጥላ በላች፤ አዌቱ ወንዝ ዳር ጉሬዛ የሴት ሻሽ ቀምቶ ዛፍ ላይ ወጣ። እንስሳ አይከስም፣ አይከሰስም። ሰዉም ለመደለትና «ከሊል፣ ዛሬስ ማን ወለደች?» እያለ ይገባ ጀመር።

ያን ጊዜ ዕድሜው አርባ ስምንት ነበር። ሚስቱ መድና ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ዶሮ ታረባለች። አንዲት ልጃቸው ነጃት ሰኮሩ ተድራ ከሄደች ወዲህ ግቢው ጭር ብሎባቸው፣ ሁለቱም ሳይናገሩት ለየብቻቸው ይሰለቹ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እሱባለው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አምስት እንቁላል በገለባ ሸፍኖ መጣ። እሱባለው የሊሙ ገነትን መንገድ የሚመላለስ ጎረምሳ ነው፤ በቡና ወራት ቡና፣ በክረምት ያገኘውን ይጭናል፤ ጺሙን ግን ከከሊል በቀር ለማንም አይሰጥም።

«ጋሽ ከሊል፣ ሊሙ እትዬ ያለምወርቅ የሚባሉ ሴት አሉ። ለቡና እርሻው ፈረንጅ ምግብ ያበስሉ የነበሩ ናቸው። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ዳክዬዎቹን ትቶላቸው ሄደ። እንቁላሉን ‹ቅመሰው› ብለው ሰጡኝ፤ ብቻዬን ከምበላው ብዬ ነው።»

ከሊል እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አያቸው። ከዶሮ እንቁላል ይተልቃሉ፤ ቀለማቸው ወደ አረንጓዴ ይወስዳል፤ ሲዳስሷቸው ሰም የተቀቡ ይመስላሉ። መድና ዘይት የነካው መጥበሻ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች።

«የለም» አላት ከሊል፤ «ይፈልፈሉ እስቲ።»

«ማሊ? ምን አልክ? ማን ይታቀፍልሃል?»

«ቀይዋ ዶሮሽ።»

ቀይዋ ዶሮ በዚያው ቀን ሰባት የራሷ እንቁላል ተሰጥቷት ቅርጫት ውስጥ ተኮማትራ ነበር። ዶሮ ቆጠራ አታውቅምና አሥራ ሁለቱንም ክንፏ ሥር አስገባች። ያልታወቀው ነገር የዶሮ ጫጩት በሃያ አንድ ቀን ሲፈለፈል፣ ዳክዬ ሃያ ስምንት ቀን የሚፈልግ መሆኑ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሰባቱ ጫጩቶች ወጡ። በማግሥቱ እናታቸው አስከትላቸው ወደ ጓሮ ወረደች፤ አምስቱ ትልልቅ እንቁላሎች ብርድ ላይ ቀሩ።

«ገምተዋል» አለች መድና፤ ልትጥላቸውም ጎንበስ አለች። ከሊል ግን ፀጉር ቤት ወስዶ ከአምፖሉ ፊት ለፊት አንድ በአንድ አቆማቸው። ሦስቱ እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው። አራተኛው ጥቁር ነው፣ አይንቀሳቀስም። አምስተኛው ውስጥ አንድ ጥላ ውልብ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሊል ራሱ ዶሮ ሆነ። በሳሙና ካርቶን ጥጥ አነጠፈ፤ አምፖሉን ከጣራው በሽቦ አውርዶ ካርቶኑ አፍ ላይ አንጠለጠለ፤ አንድ ሰው በተላጨ ቁጥር እንቁላሉን አንዴ ያገላብጣል። ዓርብ ዓርብ ደንበኛ ስለሚበዛ እንቁላሉ ሳይዞርበት አልቀረም። የሚያልፍ የሚያገድመው «ምነው፣ አልጮህክም እኮ» እያለ ይስቅበታል። ከሊል አይከፋውም፤ ለአንድ ሳምንት ወሬ ፍለጋ መድከም ቀርቶለታል።

በሃያ ስምንተኛው ቀን እሱባለው ወንበሩ ላይ ነው። ግራ ጉንጩ ተላጭቶ ቀኙ አረፋ እንደለበሰ ከካርቶኑ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ከሊል ምላጩን አስቀመጠ። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ትንሽ ጠፍጣፋ አፍ ወጣች፤ ታየችና ደክሟት አረፈች፤ እንደገና ገፋች። ሰዓት አለፈ። እሱባለው ላይ አረፋው ደረቀ። መኪናው ውጭ ጭነት ይዞ ቆሟል፤ ረዳቱ ሁለቴ መጥቶ ጠራው፤ በሦስተኛው እሱም ገብቶ ካርቶኑ ላይ ተደፋ። በመጨረሻ እርጥብ፣ ቢጫ፣ ዓይኗ ጥቁር ፍሬ የመሰለ አንዲት ፍጡር ከቅርፊቱ ተንከባላ ወጣች፤ ቀና ብላም መጀመሪያ ያየችው የከሊልን አፍንጫ ነው።

እሱባለው በግማሽ ጺም ሰኮሩ ደርሶ ተመለሰ። ቀሪውን የተላጨው በማግሥቱ ነው።

ከሊል ጫጩቷን ለቀይዋ ዶሮ ሊሰጣት ሞከረ። ዶሮዋ አንዴ አየቻት፣ አፏን አየች፣ እግሯን አየች፣ ጭንቅላቷን ጠቅ አድርጋ አባረረቻት። ሌሎቹ ጫጩቶችም የእናታቸውን ነገር አይተው ተከተሉ። ከሊል እጁ ላይ ይዟት ተመለሰ፤ ሥራው ያኔ ጀመረ።

እሱ ካለ ዝም ትላለች፤ አንድ እርምጃ ከራቀ መስጊዱ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ታወጣለች። ወደ ጓሮ ሲሄድ ትከተለዋለች፤ ፎጣ ሊያሰጣ ሲወጣ ትከተለዋለች፤ «ኮቱ፣ ኮቱ» ሲላት፣ ነይ ማለቱ ነው፣ በዚያ ሰፊ እግሯ እየተደናቀፈች ትሮጣለች። በአስኳል የታሸ የበቆሎ ዱቄት ያበላታል፤ ጎመን በፀጉር መቀስ እየከተፈ ይሰጣታል።

መድና በር ተደግፋ ታየዋለች። «የነጃት አባት፣ ነጃትን ስወልድ እንዲህ አልተንቆራጠጥክም።»

«ነጃት አንቺን ይዛ ነበር። ይቺ ማንን ትያዝ?»

ነገሩን ያቀለለው አንድ አጋጣሚ ነው። ከሊል ለዙህር ሶላት ሊሄድ ሲል እንዳትረገጥ ብሎ ካርቶኑን ከትልቁ መስተዋት ፊት ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሰግዶ ሲመለስ ጩኸት የለም። ደነገጠ። ሮጦ ገባ። ጫጩቷ መስተዋቱን ተደግፋ ተኝታለች፤ በወዲያ በኩልም አንዲት ሌላ ጫጩት እሷን ተደግፋ ተኝታለች። ከሊል ሳቁ እንዳይቀሰቅሳት እየወጣ መንገድ ላይ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ የራሱን ፊት ለማየት ሲያንጋጥጥ ከአገጩ ሥር ሁለት ዳክዬ ያያል። ተላጭቶ የጨረሰው አይነሣም፤ ተራ የሚጠብቀው አይቸኩልም። «እስቲ ትንሽ ወደ ቀኝ በይልን» የሚሉት ከሊልን ሳይሆን ጫጩቷን ሆነ።

ጉድ የመጣው ጳጉሜ ላይ ነው። ቀበሌው ለአብዮት በዓል ዝግጅት ስብሰባ ጠራ። መቅረት አይቻልም፤ ባልም ሚስትም ይገባሉ። ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ይጨልማል፤ በጨለማ መስተዋት ውስጥ ጓደኛ የለም። ከሊል ጫጩቷን በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተታትና ሄደ። ሙቀት ካገኘች ትተኛለች ብሎ ነው።

ሊቀመንበሩ ዘለቀ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሪዙ እንደ መጥረጊያ የቆመ፣ ሲስቅ ያየው ሰው በቀበሌው ውስጥ የሌለ። ጺሙን ራሱ ስለሚላጭ ከከሊል ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር የላቸውም። ተነሥቶ ውሳኔውን አነበበ፦ ከየቤቱ አንድ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ወጥቶ መንገድ ይጠርጋል፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል። አንብቦ ሲጨርስም እንደ ወጉ ጠየቀ።

«ተቃውሞ ያለው?»

እንደ ወጉ ዝም ተባለ። በዚያ ዝምታ መካከል፣ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር «ጲ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዘለቀ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ። «ተቃውሞ ያለው ብያለሁ።»

«ጲ፣ ጲ፣ ጲ።»

«ያ ረቢ» አለች መድና በሹክሹክታ፤ ክርኗን በከሊል ጎን ሰካችው። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው፣ ቂጣቸውን ግን ወደ ወንበሩ ጫፍ ጫፍ አሸሹ። ከሊል ብቻውን ቀረ። ከመነሣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።»

«ታዲያ የሚቃወመው ማን ነው?»

ከሊል እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከኪሱ የወጣችው ጫጩት በመዳፉ ላይ ቆማ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ዞራ አየች፤ ከዚያም ሊቀመንበሩን አየችና ጲ አለች።

«ገና አሥራ አምስት ቀኗ ነው» አለ ከሊል። «ደንቡን አታውቅም።»

ከኋላ አንድ ሰው እንደታነቀ ሳለ። ከዚያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ አልሆነላትም። ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ሰው እየተደገፈ ሳቀ፤ አግዳሚ ወንበር ከነተቀማጮቹ ወደ ኋላ ተገለበጠ፤ ጥበቃው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ዓይኑን ይጠርጋል። ዘለቀ እስክሪብቶ ወድቆበት ይመስል ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ፤ ብዙም ቆየ። ሲነሣ ሪዙ እርጥብ ነበር።

«ሕፃናት ድምፅ መስጠት አይችሉም» አለ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሄርማታ ጫጩቷን «ጓዲት» አላት። በማግሥቱም ጠዋት ዘለቀ ፀጉር ቤት መጣ። ጺሙ የተላጨ ነው። ከሊል ምን እንደሚላጭለት ግራ ገብቶት ሲቆም፣ «እንዲያው አለስልሰው» አለና ተቀመጠ፤ ዓይኑን ግን ከመደርደሪያው ላይ አላነሣም። ሳምንት ሙሉ እየመጣ ተለሰለሰ።

መስከረም ሲያልቅ የጓዲት ቢጫ ጸጉር ረግፎ ቡናማ ላባ አወጣች። መደርደሪያው አልበቃትምና ወለል ላይ ወረደች፤ ከሊል አንድ ስባሪ መስተዋት ከግድግዳው ጋር አስደግፎ አቆመላት። የአረፋውን ውኃ ትጠጣለች። የደንበኛ ጫማ ማሰሪያ እየፈታች ሰው ሲነሣ ይወድቃል። ከሁሉ የባሰው ግን ከመስተዋቱ ጋር መጣላቷ ነው። አንድ ነገር ትልና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። ያቺኛዋ አፏን ትከፍታለች እንጂ አትመልስላትም። ጓዲት ዞራ ከመስተዋቱ ጀርባ ትሄዳለች፤ ግድግዳ ታገኛለች፤ ተመልሳ መጥታ እንደገና ትጠይቃለች።

መድና ይህን ሁለት ቀን ስታይ ቆየች። በሦስተኛው ቀን መጥረጊያዋን አስቀመጠች።

«የነጃት አባት፣ ይቺ ልጅ ዘመድ ትፈልጋለች።»

«እኛስ?»

«እኛ ላባ የለንም።»

ከሊል የተላጨውን ጉንጭ እንደገና ላጨ። ሲላጭ የነበረው ሰው ራሱ ዞሮ አየው። ማታ እራት ላይ «ወደ ሊሙ እወስዳታለሁ» አለ። እንቁላሏ የመጣው ከዚያ ነው፤ ዘመድም ካላት እዚያ ነው።

በዚያ ዘመን ያለ ቀበሌ ወረቀት መንገድ መውጣት ጣጣ ነበረ። ከሊል ዘለቀ ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን ነገረው። ዘለቀ ጸሐፊውን አላዘዘም፤ ራሱ እስክሪብቶ አነሣ። መፈክሩን ከላይ፣ ማኅተሙን ከታች አድርጎ በመካከሉ እንዲህ ጻፈ፦ «ጓድ ከሊል የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ፣ ለግል ጉዳይ ወደ ሊሙ ገነት ስለሚጓዙና አብራቸው የምትገኘው አንዲት ዳክዬም በቀበሌያችን ተወልዳ ያደገች መሆኗን ስለምናረጋግጥ፣ በየኬላው አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአብዮታዊ ሰላምታ እናሳስባለን።»

ጥቅምት መባቻ ላይ ከሊል በእሱባለው መኪና ጋቢና ተሳፈረ። ጓዲት ክዳን ባለው ቅርጫት ጭኑ ላይ ናት፤ የሥራ ቦርሳውንና የእጅ መስተዋቱን እግሩ ሥር አድርጓል። የቡና ወቅት ስለገባ ኬላዎቹ ጥብቅ ናቸው፤ በግል የተያዘ ቡና ይፈተሻል። አንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ ወደ ጋቢናው ተንጠራርቶ ቅርጫቱን በዱላ ነካ አደረገ። ቅርጫቱ ተንቀሳቀሰ።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ቡና ነው?»

«ቡና ይራመዳል እንዴ?» አለ ከሊል፤ ወረቀቱንም ሰጠው።

ፈታሹ አነበበ። እንደገና አነበበ። ባልደረባውን ጠራ፤ ባልደረባው አለቃቸውን ጠራ፤ አለቃቸው ሻይ የያዘ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ። ሦስቱም ማኅተሙን ፀሐይ ላይ አድርገው መረመሩ። አለቃው ከልቡ ይሁን ከቀልዱ ሳይለይ ጠየቀ።

«የሷ ፎቶግራፍ የታለ?»

«እሷው ራሷ አለችላችሁ» አለና ከሊል ክዳኑን ከፈተ። ጓዲት አንገቷን እስከ መጨረሻው አውጥታ የኬላውን ሹም ዓይን ለዓይን አየችው። ሹሙ ሻዩ ፈሰሰበት። ገመዱ ሲወርድላቸው አንደኛው ፈታሽ ተረከዙን አጋጭቶ ለቅርጫቱ ሰላምታ ሰጠ። እሱባለው ለሚቀጥሉት አምስት ኪሎ ሜትሮች መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር፤ ከሳቅ።

ያለምወርቅ ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው አጠገብ፣ ጅረት ዳር የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ስድሳ የተጠጉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው የሚሄዱ። እንግዳውን ከነቅርጫቱ ሲያዩ አልተደነቁም።

«ከእንቁላሎቹ አንዱ ነው? ግባ፣ ልጄ፣ ግባ።»

ስምንት ዳክዬ አላቸው። ሰባቱ ሴቶች ናቸው፤ ስምንተኛው አንገቱ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ወንዴ ነው። «ሻምበል» ይሉታል፤ ሲጠሩት ግን ግራ ቀኛቸውን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ከሊል ጓዲትን በደስታ መካከላቸው አስቀመጣት። ስምንቱ አንገታቸውን ዘረጉ። ሻምበል መጥቶ ከማጅራቷ ላባ ነጨ። ጓዲት በሕይወቷ ያየቻት ዳክዬ አንዲት ናት፤ እሷም መስተዋት ውስጥ ሆና ማንንም ነክታ አታውቅም። ሸሽታ በከሊል እግሮች መካከል ገባች፤ ሻምበልም ተከትሎ ከሊልን ባቱ ላይ ነከሰው።

ያለምወርቅ በዘንባባ መጥረጊያ ለያዩአቸው። «እንግዳ እንዲህ አይገባም። ሙሽራ እንኳ ደጅ ቆማ ናት የምትገባ። እንያት፣ ታየን፤ ቆይተን እንጨባበጣለን።»

ግቢውን በቀርከሃ አጥር ለሁለት ከፈሉት፤ በወዲያ ስምንቱ፣ በወዲህ ጓዲትና ከሊል። መኖ በአጥሩ ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ ተሰጠ፤ ሁለቱም ወገን እየተያዩ እንዲበሉ ነው። ከሊል ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጓዲት አንዴ ትበላለች፣ አንዴ ጭኑ ሥር ትገባለች። እሱም ስምንቱን በየተራ ያስተዋውቃታል። «ያቺ ነጭ አንገቷ ኩሩ ናት። ያቺ የምታነክሰው ደግ ትመስላለች። ያንን አትይው።»

በሁለተኛው ቀን ትጽናና ብሎ የእጅ መስተዋቱን አጥሩ ላይ ሰቀለላት። ጓዲት ዞራም አላየችው። በቀርከሃው ቀዳዳ ዓይኗን ሰክታ ወዲያ ማዶ ታያለች፤ አንድ ነገር ትላለች፤ ከወዲያም ይመለስላታል። ከመስተዋቱ ስትጠብቀው የኖረችው መልስ ነውና ደንግጣ ተቀመጠች። እንደገና ጠየቀች። እንደገና ተመለሰላት። ከሊል ያለምወርቅን ሊጠራ ሮጦ ሄደ፤ ሮጦ ተመለሰ።

«መስተዋቱ ሥራ ከፈታ» አሉ ያለምወርቅ፣ «እስቲ ለዚያ ለጉረኛው እናሳየው።» በሻምበል በኩል አዙረው ሰቀሉት።

ሻምበል እየተንጎራደደ መጥቶ ቆመ። ፊቱ እንደ እሱ ደረቱን የነፋ፣ እንደ እሱ አንገቱ የሚያብለጨልጭ ሌላ ሻምበል አለ። እፍ አለ። ያኛውም እፍ አለ። ወደ ኋላ ሄዶ ተንደርድሮ መጣና በደረቱ መታው። ያኛውም እኩል መታው። ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። የማጠቢያው ሠራተኞች ቡና ማጠቡን ትተው አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ግማሹ ለሻምበል፣ ግማሹ ለመስተዋቱ ወገነ። ሻምበል ደክሞት ሲቀመጥ ያኛውም ይቀመጣል፤ ዕረፍት ያገኘ መስሎት ሲነሣ ያኛውም ይነሣል። በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንዴ ብቻ በትከሻው ገልመጥ አድርጎ፣ እያነከሰ ወደ ጥላ ሄደ።

ሰው ሁሉ እዚያ ሲያይ ከሊል ብቻ ወዲህ ያያል። ሰባቱ ሴቶች የባላቸውን ጦርነት ትተው አጥሩ ሥር ተሰብስበዋል። የምታነክሰው አሮጊት አፏን በቀዳዳው አሾልካ የጓዲትን የተነጨ ማጅራት ላባ በላባ ታስተካክላለች። ጓዲት ዓይኗን ጨፍናለች። ከሊል ሠላሳ ዓመት የሰው ፀጉር ሲያበጅ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲያ ያለ የሰለጠነ እጅ አላየሁም ብሎ ኋላ ለመድና ነግሯታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጥሩ ተነሣ። ስምንቱ ተሰልፈው ወደ ጅረቱ ወረዱ፤ ጓዲት ዘጠነኛ ሆና ተከተለች። ዳር ላይ ስትደርስ ቆመች። ስምንቱ ውኃው ላይ ሲንሳፈፉ አየች። እሷ የምታውቀው ውኃ የጺም መላጫ ሳህን ነው።

«ኮቱ» አለ ከሊል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ገባ። «ኮቱ፣ አይዞሽ፣ ይኸው እኔ ገባሁ።» ሁለተኛውን እርምጃ ሲረግጥ ድንጋዩ አንሸራተተው፤ ከነኮፍያው በጀርባው ተንጋለለ። ውኃው ደረቱ ድረስ ነው። ኮፍያው ብቻውን ወደ ታች ሄደ፤ ከዳክዬዎቹ ሁለቱ አጀቡት። ጓዲት ግን እናቷ የሰመጠ መሰላት፤ ጮኻ ተወርውራ ገባች።

ተንሳፈፈች። መጀመሪያ አልገባትም። እግሯን ስታንቀሳቅስ ወደ ፊት ሄደች፤ ደንግጣ ስታቆም ቆመች። እንደገና ሞከረች። ከሊልን አንዴ ዞረችው፣ ሁለቴ ዞረችው፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ውኃ ውስጥ ሰዳ ጅራቷን ወደ ሰማይ አቆመች። ማንም አላስተማራትም። ከሊል ጭቃ ውስጥ እንደተቀመጠ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ሠራተኞቹ ዳር ላይ ያጨበጭባሉ፤ ያለምወርቅ ቆመው መሳቅ አቅቷቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ስምንቱ ወደ ታች መሄድ ሲጀምሩ ጓዲት እነሱን አየች፣ ከሊልን አየች።

«ሂጂ» አላት። «ምን ታዪኛለሽ? እኔ ስወጣ ልብስ መቀየር አለብኝ።»

ሄደች። ከሰዓት በኋላ የያለምወርቅን ደረቅ ጋቢ ለብሶ ጅረቱ ዳር ወርዶ «ኮቱ» ብሎ ጠራት። ከጭቃው ውስጥ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፤ አወቀችው፤ ተመልሳም ከአሮጊቷ ጎን ትል ፍለጋዋን ቀጠለች። «አልሐምዱሊላህ» አለ ከሊል። ዓይኑ ትንሽ ረጠበ። ግን ወዲያው የሻምበልን ማነከስ አየና እንደገና ሳቁ መጣበት።

ልብሱ እስኪደርቅ ሥራ አልፈታም። ከማጠቢያው ሠራተኞች አንዱ ቦርሳውን አይቶ «ፀጉር ታስተካክላለህ እንዴ?» አለው፤ ለካ አካባቢው ፀጉር አስተካካይ የለውም። የቡና ሣጥን ገልብጦ ወንበር አደረገ፤ መስተዋቱን ደጃፉ ላይ ካለው ዋንዛ ዛፍ ሰቀለ። ሲመሽ አሥራ አንድ ራስ አስተካክሎ ነበር፤ ስለ ጓዲትም ለአሥራ አንዱም ከሀ እስከ ፐ አውርቶላቸዋል። ሲለዩ «መቼ ትመለሳለህ?» ብለው ያዙት። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ ከእሱባለው ጋር ሊሙ መሄድ ልማዱ ሆነ።

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ ያለምወርቅ ደጃፍ ላይ ሆነው ጠበቁት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለ።

«ከሊል፣ ያቺ ጓዲት ያልካት…»

«ምን ሆነች?»

«ጓድ ሆናለች። ጅራቷን እየው።»

አየ። ከጅራቱ ላይ ሁለት ላባ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ወጥቷል፤ አንገቱም አረንጓዴ ጀምሯል። ድምፁ ጎርንኗል። ከሊል ተመልሶ ለዘለቀ ሲነግረው ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ወረቀቱ ላይ ‹ተወልዳ› ብያለሁ» አለ፤ «ማኅተም የተመታበት ስለሆነ ባለበት ይጽና።»

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት መድና እኔም ልየው ብላ አብራ ተሳፈረች። ያለምወርቅ ግቢ ስትገባ ዳክዬዎቹ ከጅረቱ እየወጡ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ሆነዋል፤ ከእነሱ ስድስቱ ወንዶች ናቸው፤ ስድስቱም አንገታቸው አረንጓዴ፣ ጅራታቸው የተጠቀለለ፣ ደረታቸው የተነፋ።

«የኛው የትኛው ነው?» አለች መድና።

«ያ» አለ ከሊል፤ አላመነታም።

«ያማ የአምና ጫጩት ነው» አሉ ያለምወርቅ። «የናንተው ያ ከኋላ ያለው ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ያሳደግሁትን አጣለሁ?»

«እኔ በየቀኑ የማበላውን አጣለሁ?»

መድና ሦስተኛውን መረጠች፤ አረማመዱ የከሊልን ይመስላል ብላ። ከሊል «ኮቱ» ብሎ ጠራ። ስድስቱም መጡ። ክርክሩ እንደገና ከሥር ጀመረ፤ እሱባለው መንገድ ላይ ሆኖ ክላክሱን ሁለቴ ነፋ፣ ሦስቴ ነፋ፣ በመጨረሻም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና «እኔ ልንገራችሁ» ብሎ አራተኛውን አሳየ።